እግረኛን መኪና ሲገጭ የሕክምናውን ወጪ ማን ይከፍላል?



«ዶክተር፣ የገጨው ሾፌር ጥሩ ሰው ነው፤ ሁሉንም እኔ እችላለሁ ብሎናል።»

ይህችን ንግግር ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አልቆጠርኩም። የመጀመሪያው ሌሊት ላይ እውነት ናት። ሾፌሩ ራሱ ተሸክሞ ያመጣል፣ ካርድ ያወጣል፣ የራጅ ይከፍላል፣ ውሃ ገዝቶ ከአስታማሚዎቹ ጋር ቁጭ ይላል። በሦስተኛው ሳምንት ግን ስልኩ አይነሳም። ሁልጊዜ ሰውየው ከፍቶ አይደለም። ቀዶ ሕክምና ሲታዘዝ፣ ሪፈር ሲጻፍ፣ የመድኃኒቱ ሂሳብ ሲደራረብ የአንድ ሚኒባስ ሾፌር ኪስ አይችለውም። ያኔ ቤተሰቡ «በሕግ መክፈል ያለበት ማን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። መልስ የሚሆኑት ወረቀቶች ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት መጻፍ ነበረባቸው፣ አልተጻፉም።

ሰሞኑን ከቡታጅራ አንዲት እህታችን በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ «እናቴን ባጃጅ ገጫት፣ እግሯ ተሰብሯል። ባጃጁ ኢንሹራንስ የለውም አሉን። እኛ የጤና መድን ደብተር አለን። ማን ነው የሚከፍለው?» ለእሷ የመለስኩትን ትንሽ አስፍቼ ለሁላችሁም ልጻፍ። እኔ ሐኪም እንጂ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ክርክር ውስጥ የገባ ጉዳይ ያለው ሰው ጠበቃ ያማክር። ግን ከሐኪም ወንበር ላይ ሆኖ የሚታይ ነገር አለ፣ እሱን ነው የምነግራችሁ።

በመጀመሪያ «ሦስተኛ ወገን» የሚባለውን እንረዳው። በአገራችን መንገድ ላይ የሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው። ይህን የሚያዘው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ነው፤ ከእሱ በፊትም አዋጅ ቁጥር 559/2000 ነበር። አንደኛው ወገን ባለመኪናው ነው፣ ሁለተኛው ኢንሹራንሱ ነው፣ ሦስተኛው በእግሩ ሲሄድ የተገጨው ሰው ነው። ማለትም እናንተ። መድኑ የተገዛው ለእናንተ ነው! ብዙ ሰው ግን የመኪናው ኢንሹራንስ የመኪናውን ፓራውልትና ፍሬቻ ብቻ የሚያሠራ ይመስለዋል። ባጃጅም፣ ሞተር ሳይክልም፣ አይሱዙም፣ አውቶቡስም ግዴታው አለባቸው። መድን መግባቱን የሚያሳየው ስቲከር የፊት መስታወቱ ላይ ይለጠፋል፤ ከቦሎው አጠገብ ታዩታላችሁ።

አዋጁ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሰጣል፣ ሰው ግን ያምታታቸዋል። አንደኛው አስቸኳይ ሕክምና ነው። በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው፤ ወጪው እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ በመድን ድርጅቱ ይሸፈናል። አዋጁ ሲወጣ ይህ ጣሪያ 2,000 ብር ነበር። ሁለተኛው ካሳ ነው፤ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለሞት ደግሞ ከ5,000 የማያንስ ከ40,000 ብር የማይበልጥ ተብሎ ተቀምጦ ነበር። እነዚህ ቁጥሮች በደንብ ሊሻሻሉ የሚችሉ ስለሆኑ፣ አንድ ሰው የድሮውን ቁጥር ጠርቶ «በቃ ይሄው ነው» ቢላችሁ አትቀበሉት። አደጋው በደረሰበት ቀን የሚሠራበት ጣሪያ ስንት እንደሆነ መድን ድርጅቱን በጽሑፍ ጠይቁ።

አሁን ወደ እህታችን ጥያቄ። ባጃጁ መድን ከሌለውስ? ወይም ገጭቶ ካመለጠ፣ ሰሌዳውንም ማንም ካላየስ? ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ እጁን ይሰጣል። «ከማን ይጠየቃል? እግዜር ይየው» ይባላል። ግን ለዚህ ተብሎ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። ቀድሞ የመድን ፈንድ አስተዳደር ኤጀንሲ ይባል ነበር፣ አሁን የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው። መድን የሌለው ወይም ያልታወቀ ተሽከርካሪ ሰው ሲጎዳ ወይም ሲገድል ፈንዱ ይገባል፤ አስቸኳይ ሕክምናውንም ካሳውንም። የሚመለከተው ሰውን ብቻ ነው። የተሰበረ ስልክና የሞተ በግ አይከፍልም።

የገጫችሁ ጋሪ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ቡታጅራም ወልቂጤም የፈረስ ጋሪ ሰው ሲጥል አይቻለሁ። ጋሪ ሞተር የለውምና መድንም ፈንድም የለም፤ ጥያቄው በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ወደ ፈረሱ ባለቤት ነው የሚሄደው።

ደብተሩስ? የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለገጠሩም ለከተማውም ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ ያልገባችሁ ግቡ። ነገር ግን ሌላ ከፋይ ያለው ጉዳት፣ የመኪና አደጋን ጨምሮ፣ በመርህ ደረጃ ከጥቅሉ ውጪ ነው። እዚህ ላይ በየሳምንቱ የማየውን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ የዚህ ጽሑፍ ዋናው ነጥብም እሱ ነው።

ታካሚው ሲመጣ «ምን ሆነው ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። አስታማሚው ቀድሞ ይመልሳል፦ «ወድቆ ነው።» እግሩን ሳየው ግን አወዳደቁ አይመስልም። ከጉልበት በታች ከጎን በኩል የተመታ፣ የመኪና መከላከያ ከፍታ ላይ ያለ ስብራት ነው። ለምን «ወድቆ» እንዳሉ ይገባኛል። አንደኛ፣ በደብተሩ እንዲታከም ነው። ሁለተኛ፣ ሾፌሩ የሰፈር ልጅ ነው፣ ፖሊስ ውስጥ እንዳይገባ። ሦስተኛ፣ አንድ ሰው «የመኪና አደጋ ካላችሁ ፖሊስ ሳይመጣ አያክሟችሁም» ብሏቸዋል። ይሄ የመጨረሻው ሐሰት ነው። ድንገተኛ ታካሚ ፖሊስ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ መጀመሪያ ይታከማል፣ ወረቀቱ ጎን ለጎን ይሄዳል።

እኔ ካርዱ ላይ የምጽፈው የነገራችሁኝን ነው። «ወድቆ» ካላችሁ «የመውደቅ አደጋ» ተብሎ ይጻፋል፣ ቀንና ሰዓት ይገባበታል፣ ፊርማዬ ያርፍበታል። ከሁለት ወር በኋላ የሾፌሩ ስልክ ሲዘጋ ተመልሳችሁ «ዶክተር፣ እባክህ የመኪና አደጋ ብለህ አስተካክልልን» ትሉኛላችሁ። አላስተካክልም። ማስተካከል አልችልም፣ ፎርጅድ ነው የሚሆነው። መድን ድርጅቱም ፍርድ ቤቱም መጀመሪያ የሚያዩት በዚያች ቀን በዚያች ሰዓት የተጻፈውን ነው። በደብተሩ ያተረፋችሁት ጥቂት መቶ ብር ትልቁን ይዞባችሁ ይሄዳል። ስለዚህ እውነቱን ተናገሩ። መኪና ከሆነ መኪና፣ ባጃጅ ከሆነ ባጃጅ፣ ከየት አቅጣጫ፣ በስንት ሰዓት፣ የት አካባቢ። ሰሌዳውን የምታውቁ ከሆነ እሱንም ንገሩን፣ እንጽፈዋለን።

ሁለተኛው ችግር «ደህና ነኝ» ነው። ይሄኛው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሕይወት ይወስዳል። ሰው ተገጭቶ ይነሳል፣ አቧራውን ያራግፋል፣ ሾፌሩ አምስት መቶ ብር እጁ ላይ ያኖርለታል፣ ይለያያሉ። ራስ ቅል ውስጥ ቀስ ብሎ የሚፈስ ደም ግን ለጥቂት ሰዓታት ሰውን ደህና ሊያስመስለው ይችላል። ከዚያ ራስ ምታቱ እየጨመረ ይመጣል፣ ያስመልሳል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ይቀባዥራል። ጣፊያ ሲቀደድም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ትንሽ ሆድ ቁርጠት፣ በኋላ ማዞርና ላብ። ራሱን የተመታ፣ ለአፍታም ቢሆን ራሱን ስቶ የነበረ፣ ሆዱን ወይም ደረቱን የተመታ፣ ሽንቱ ደም የቀላቀለ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ሕፃንና አረጋዊ፣ እንዲሁም ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም በዚያው ቀን ይመርመር። አካባቢው ላይ መኪና ካጣችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። አንገቱን የተመታ ሰውን ደግሞ እጅና እግር ይዛችሁ አይሱዙ ላይ አትወርውሩት፣ እባካችሁ! አንገቱ ሳይንቀሳቀስ በጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኝታችሁ አንሱት።

ከዚያ ወጌሻ አለ። ወጌሻን የምሰድብ ሰው አይደለሁም፤ አያቴም ወለምታ ሲገጥማቸው የሚሄዱት እዚያ ነበር። ነገር ግን አጥንት ተሰብሮ በቀርከሃ ጠበቅ ተደርጎ ታስሮ፣ ጣቶቹ ጠቁረው፣ ሸትቶ የመጣ እግር አይቻለሁ። የልጅ እግር ነበር። ያን ጊዜ ምርጫ የለንም፣ መቁረጥ ነው። በወጪ በኩልም ስታዩት ወጌሻ ደረሰኝ አይሰጥም፣ የጉዳት ማስረጃም አይጽፍም። በኋላ ኢንሹራንሱ «እግሩ የተቆረጠው በአደጋው ነው ወይስ በእስሩ?» ብሎ ሲጠይቅ ለቤተሰቡ መልሱ ከባድ ይሆናል።

ሽማግሌ ነገሩ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። የእኛ አካባቢ ሰው እርቅ ያውቃል፤ የጆካን ሥርዓት ይዞ የኖረ ሕዝብ ነው። አደጋ ሲደርስ የሾፌሩ ቤተሰብ ሽማግሌ ይልካል፣ ይቅርታ ይባባላል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እርቁን አልቃወምም። የምቃወመው በአምስተኛው ቀን፣ የታካሚው እግር ገና በጀሶ እያለ የሚፈረመውን ወረቀት ነው። «ይህን ያህል ብር ተቀብለናል፣ ከዚህ በኋላ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለንም» ይላል። በአምስተኛው ቀን ግን እኔ ራሴ ሐኪሙ እግሩ ምን እንደሚሆን አላውቅም! ይያዝ አይያዝ፣ ይመግል አይመግል፣ ይጠር አይጠር ወራት ነው የሚፈልገው። እናንተ ከእኔ በፊት እንዴት ትዘጉታላችሁ?

እርቁን አድርጉ። ወረቀት ከተጻፈ ግን ሁለቱን ነገር ለዩ። ቂም የለንም ማለት አንድ ነው። የሕክምናና የካሳ ጥያቄያችን ቀርቷል ማለት ሌላ ነው። ሾፌሩ ለሕክምና የሰጠውን ብር «ለሕክምና መርጃ ተቀብለናል» ብላችሁ ልኩን ጻፉለት፣ ለእሱም መተማመኛ ይሆነዋል። ሕክምናው ሳያልቅ «ጥያቄ የለንም» የምትለዋን መስመር አትፈርሙ።

ይህን የምታነቡ ሾፌሮችም አላችሁ። ለኢንሹራንሳችሁ ቶሎ አሳውቁ። ሳታሳውቁ በራሳችሁ ጥፋተኛ ነኝ ብላችሁ ገንዘብ ተስማምታችሁ መክፈል በመድን ውሉ ላይ ችግር ሊያመጣባችሁ ይችላል፤ ውላችሁን አንብቡት። ለታካሚው ያወጣችሁትንም ደረሰኝ አስቀምጡ። ገጭቶ መሮጥ ግን ዕዳውን አያጠፋውም፣ ወንጀል ይጨምርበታል እንጂ።

አሁን ወረቀቶቹ። ትራፊክ ፖሊስ ቦታው ላይ መጥቶ ካልሆነም በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይመዝገብ። የሚመዘገበው አደጋው በደረሰበት ቦታ ባለው ፖሊስ ነው፣ በምትኖሩበት አይደለም። ይሄ ለእኛ አካባቢ ሰው ለብቻው መነገር አለበት፤ መስቀልን ለማክበር ከአዲስ አበባ መጥቶ ወልቂጤ አስፋልት ላይ የተገጨ ሰው አዲስ አበባ ከተመለሰ በኋላ ነው ፖሊስ ጣቢያ የሚሄደው። ቡታጅራ በኩል ከሆነ ደግሞ አሁን ምሥራቅ ጉራጌ ዞን ነው፣ ፋይሉን ወልቂጤ ሄዳችሁ አትፈልጉት። በስልካችሁ መኪናውን፣ ሰሌዳውን፣ መስታወቱ ላይ ያለውን የመድን ስቲከር ፎቶ አንሱ። ሾፌሩና ባለመኪናው አንድ ሰው ላይሆኑ ይችላሉና የሁለቱንም ስም ያዙ። ያዩ ሰዎችን ስልክ ተቀበሉ።

ከሆስፒታሉ ደግሞ እያንዳንዱን ደረሰኝ፣ የካርድ፣ የራጅ፣ የላቦራቶሪ፣ የአልጋ፣ ከውጭ ፋርማሲ የተገዛውን ሁሉ ኦሪጅናሉን ያዙ። የታካሚው ስም ይጻፍበት፣ ማኅተም ይኑረው። በማዘዣው ላይ ያለው መድኃኒትና በደረሰኙ ላይ ያለው አንድ ይሁን። ሪፈር ከተጻፈ ኮፒውን አስቀሩ። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ሆነ አጣጥ፣ ቡታጅራ ጠቅላላ ሆስፒታልም ሆነ ሌላ ቦታ ታክማችሁ፣ ለጭንቅላት ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ወደ አቤት ሆስፒታል ወይም ጥቁር አንበሳ ብትላኩ፣ የሁለቱ ቦታ ወረቀት ካልተያያዘ ሂሳቡ መሐል ላይ ይቆረጣል። የአምቡላንስና የመጓጓዣ ወጪም ወጪ ነው፣ ወረቀት ያዙበት።

የሕክምና ማስረጃ የሚጻፈው ፖሊስ ወይም ፍርድ ቤት በደብዳቤ ሲጠይቅ ነው፣ ስለዚህ ደብዳቤውን አምጡ። «ዶክተር፣ ዝም ብለህ ጻፍልኝ» አትበሉን። የዘላቂ ጉዳት መጠን በመቶኛ የሚወስነው ደግሞ የሐኪሞች ቦርድ ነው፤ እሱም ሕክምናው ካለቀ፣ አጥንቱ ከያዘ፣ መገጣጠሚያው ምን ያህል እንደሚታጠፍ ከታወቀ በኋላ ነው። ቶሎ ቦርድ ልቅረብ ብላችሁ አትቸኩሉ። በተለይ የልጅ ስብራት እድገት ላይ ያለ አጥንት ስለሆነ አሁን ቀጥ ብሎ የታየው ዓመት ቆይቶ ሊያጥር ወይም ሊጣመም ይችላል። ለሐኪሙ «የሚያድግበት ጫፍ ተነክቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት፣ መልሱን ካርዱ ላይ ያስፍርላችሁ።

በሌላ በኩል ደግሞ በጣም አትዘግዩ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት የካሳ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ሁለት ዓመት ብዙ ይመስላል። አንድ የጭን አጥንት ሁለት ጊዜ ተሠርቶ፣ ብረት ገብቶ፣ ብረት ወጥቶ ሲያበቃ ግን ዓመት ከመንፈቁ አልቋል።

የመድኑ ጣሪያ ካልበቃስ? ብዙ ጊዜ አይበቃም። ያኔ የቀረውን የሚጠየቀው የመኪናው ባለቤት ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መኪና ያደረሰውን ጉዳት ባለቤቱ፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ እንዲክስ ያዛል። በከፊልም ሆነ በሙሉ የሚያመልጠው ጥፋቱ የተጎጂው ከሆነ ነው። ስለዚህ «ሾፌሩ ድሃ ነው፣ ምን አለው?» የሚለው ጥያቄ ላይ አትቁሙ፤ ሊብሬው በማን ስም ነው? የተገጨው ሰው በሥራ ላይ እያለ ከሆነ ደግሞ የአሠሪው የሥራ ላይ ጉዳት ግዴታም አለ፣ እሱንም ጠይቁ።

የጤና ተቋማትንም አልፌ አልሄድም፤ እኛም እናጠፋለን። አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ ስሠራ፣ እግሩ የተከፈተ ስብራት ያለበትን ወጣት «ማስያዣ አምጡ» ተብሎ ኮሪደር ላይ ከሰዓት በላይ ሲጠብቅ አይቻለሁ። ተረኛው እኔ ነበርኩ። ገና ጀማሪ ስለነበርኩ ከገንዘብ ተቀባዩ ጋር መከራከር ፈርቼ የራሴን ብር ነው የከፈልኩት። ዛሬ ቢሆን «የተሽከርካሪ አደጋ ነው፣ አስቸኳይ ሕክምናው በሕግ ከፋይ አለው፣ ሂሳቡን ከመድኑ ወይም ከፈንዱ ጠይቁ» እላለሁ። እናንተም በሩ ላይ ይህንኑ በሉ፣ በጨዋነት። አሁንም እምቢ ካሏችሁ ተረኛ ሐኪሙን ወይም ሥራ አስኪያጁን አስጠሩ።

ባለፈው የመስቀል ሰሞን የመጡ አንድ አባት ነበሩ። ሚኒባስ ነው የገጫቸው፣ ሁለቱም የቅልጥም አጥንቶች። ልጃቸው ከመርካቶ ሱቁን ዘግቶ ለበዓል የመጣ ነው። ሾፌሩ አምጥቷቸው ከፈለ፣ ሽማግሌ መጣ፣ ወረቀት ሊፈርሙ ሲሉ ልጅየው ደውሎ «ዶክተር፣ አባቴ ይድናል አይደል? ልፈርም?» አለኝ። «አባባ ይድናሉ፣ አንተ ግን አትፈርም» አልኩት። ተቆጣኝ፣ ሰው እንዳይቀየመን ነው የምንፈርመው አለ። በስንት ልመና የመጨረሻዋ መስመር ተሰርዛ እርቁ ብቻ ተፈረመ።

በስድስተኛው ሳምንት ቁስሉ መገለ፣ ወደ አዲስ አበባ ተላኩ፣ ሁለት ጊዜ ኦፕሬሽን ገቡ። ባለፈው ወር በምርኩዝ መጡ። «ልጄ ዶክተር፣ እግሬ ቀጥ ብሏል» ብለው አሳዩኝ፣ ትንሽ ያነክሳሉ። ልጅየው በፌስታል ደረሰኝ ተሸክሟል፣ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው። አብረን ለየነው። ከፋርማሲ ከተገዙት ውስጥ ሦስቱ ማኅተም የላቸውም፣ አንዱ ላይ የአባቱ ሳይሆን የራሱ ስም ነው ያለው። እነሱን ለማስተካከል በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። የቦርድ ቀጠሮው ለሚቀጥለው ወር ነው።